ሐረር ሦስት ሌሊት፦ አልጋ ጀጎል ውስጥ ልያዝ ወይስ ከግንቡ ውጪ?

የቡልቡላዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አማክሩኝ። በሚቀጥለው ወር እማዬን ይዤ ሐረር ልሄድ ነው። ሦስት ነን፣ እሷ፣ እኔና የ9 ዓመት ሴት ልጄ። እማዬ ልጅነቷን ያሳለፈችው እዚያ ነው፣ አባቷ የጦር አካዳሚው ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ተመልሳ አታውቅም። አሁን 60ን አልፋለች፣ ጉልበቷም እየከዳት ነው፣ «መራመድ ሳያቅተኝ ውሰጂኝ» ብላ ይዛኛለች።

የከበደኝ አልጋ መያዙ ነው። እማዬ «ጀጎል ውስጥ ካላደርኩ ሐረር ደረስኩ አልልም» ትላለች። ልጅ ሆና የሐረሪ ጓደኛ ነበረቻት፣ ቤታቸው ገብታ ያየችውን ቀይ ወለልና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት እስከዛሬ ታወራለች። እኔ ደግሞ የማስበው ሽንት ቤቱን ነው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ትነሳለች። በጨለማ ግቢ አቋርጣ ብትወድቅስ? ከግንቡ ውጪ ያሉትን ሆቴሎች ፎቶ ሳይ ደግሞ ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል፣ ነጭ አንሶላ፣ በዳክዬ ቅርጽ የታጠፈ ፎጣ፣ አበቃ። ጓደኛዬ ድሬዳዋ እደሩና ተመላለሱ ትላለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የምታውቁት ቤት ካለም ስም ጥሩልኝ።

ከዚራ_ጥላ

አቦ ድሬ እደሩ! ምን ያስጨንቅሻል? አውሮፕላኑም የሚያርፈው እዚሁ ነው፣ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ምናምን ናት፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ድሬ ሊፍት ያለው ሆቴል ታገኛላችሁ፣ ማታ ከዚራ ዛፍ ስር ንፋስ ትቀበላላችሁ። ሐረርን ቀን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ብቻ ኤሲ ወይ ደህና ቬንትሌተር ያለው ክፍል ያዢ፣ አጎበርም ጠይቂ።

ደንገጎ_ሹፌር

ከዚራ፣ የሀገር ልጅነትህ ገብቶኛል፣ ግን እኔ በዚያ መንገድ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ደንገጎ ዳገቱ ጥምዝምዝ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐሮማያ ስትደርሺ 2,000 አካባቢ ወጥተሻል። ያልለመደ ልጅ ያስመልሰዋል፣ የትልቅ ሰው ጆሮም ይደፈናል። አወዳይ ደግሞ የጫቱ ገበያ ሲደምቅ መኪና በዳዴ ነው የሚሄደው። ይህን ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ወጥቶ ማታ መውረድ ለምን? አንዴ ውጡ፣ አንዴ ውረዱ።

ሌላም አለ። ሐረር የምትጥመው ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓትና ከመሸ በኋላ ነው። ድሬ ያደረ እንግዳ 5 ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ ፀሐይ አናቱን ይመታዋል፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ቅጠሉ ላይ ነው፣ ሱቁም ግማሹ ይዘጋል። ከዚያ «ሐረር ምንም የላትም» ብሎ ይመለሳል። ስንቱን ጭኜ ሰምቻለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ አምና ከግንቡ ውጪ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አራት ሌሊት አድሬ ነበር፣ ስም አልጠራም። ከአሜሪካ ሆኜ ፎቶ አይቼ ነው የያዝኩት። ፎቶዎቹ ቤቱ የተከፈተ ጊዜ የተነሱ ናቸው መሰለኝ፣ ዳክዬዋ ራሷ በርራ ሄዳለች። «24 ሰዓት ሙቅ ውሃ» ይላል ማስታወቂያው። ቦይለሩ አለ፣ አይካድም፣ ውስጡ የሚገባ ውሃ ነው የጠፋው። ሁለተኛው ቀን ላይ በባልዲና በጆግ ታጠብኩ፣ ውሃውን ተሸክሞ ያመጣው ልጅ ይቅርታ ሲል እኔ ነኝ የተሸማቀቅኩት።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ፓስፖርቴን አይተው በዶላር አሉኝ። ደውዬ ስይዝ የነገሩኝ በብር ነበር። ተከራክሬ በብር ከፈልኩ፣ ግን ግማሽ ቀኔ ሄደ። አንቺ ከአዲስ አበባ ስለሆንሽ ይህኛው አይነካሽም፣ ከውጭ ለሚመጡት ብዬ ነው፦ በብር ነው በዶላር፣ በአበሻ ሒሳብ ነው በውጭ ዜጋ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዙት።

ቀስቃሽ_07

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የጀጎሉ የባህል ቤት ለፈረንጅ ነው። አበሻ ገንዘብ ከፍሎ መደብ ላይ ይተኛል እንዴ? እኔ መደብ ላይ ነው ያደግኩት፣ በነፃ።

ጀጎላዊ

ቀስቃሽ ሳቄን አመጣኸው። ግን የኛን መደብ አላየህም።

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ፣ እናትሽም እንኳን ደህና መጣች። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ጀጎል ውስጥ ነው፣ አክስቴም እንግዳ ታሳድር ነበር። «ጌ ጋር» የምንለው ቤት ለእንግዳ ማረፊያ ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ መኖሪያ ነው። ከጠባቡ መንገድ አንዷን በር ገፋ አድርገሽ ስትገቢ ግቢ ታገኛለሽ፣ ባለቤቶቹ እዚያው ይኖራሉ፣ ልብስ ተሰጥቷል፣ ድመት ተኝታለች። ትልቁ ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ፣ ከፍታቸው ይለያያል፣ ማን የት እንደሚቀመጥም ሥርዓት አለው፣ የሚከበረው አሚር ነደባ ነው። ቀዩን ቀለም ሽማግሎች በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይሉናል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ካየሽ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነበር፣ አሁን ለጌጥም ይሰቅሉታል።

አሁን ወደ እናትሽ ጉልበት። ስትደውዪ «የባህል ክፍል አላችሁ?» ብለሽ አታቁሚ። የትኛው ክፍል ነው በይ። «ቀላ» ካሉሽ ፎቁ ነው፣ ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ እናትሽ እንዳትወጣ። «ኪርታት» ካሉሽ ድሮ ሙሽሮች የሚቆዩባት ትንሽ ክፍል ናት፣ ለሁለት ወጣት ታምራለች፣ ለሦስት ሰው ትንፋሽ ያጥራል። ለናንተ የሚሆነው ግቢው ላይ በቀጥታ የሚከፈት የምድር ክፍል ነው፣ አልጋ ያለው፣ መደብ ላይ ፍራሽ የተነጠፈበት ሳይሆን። ሽንት ቤቱ ብዙ ቤት የጋራ ነው፣ ቁጭ የሚባልበት ይሁን ቁጢጥ የሚባልበት ሳትፈሪ ጠይቂ። ሻንጣ ደግሞ መኪና በሩ ድረስ አያደርስሽም። ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ በአንደኛ መንገድ መኪና ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ዳገትና ቁልቁለት። ስለዚህ «ከፈረስ መጋላ ስንት ደቂቃ ነው፣ በእናቴ እርምጃ» በይ።

እማማ_ዝናሽ

ጀጎላዊ ልጄ፣ ምክርህ ወርቅ ነው፣ ግን የሰው እናት «እንዳትወጣ» «መጣች» ይባላል? አንቱ በላቸው እንጂ።

ጀጎላዊ

እናቴ ይቅርታ፣ እኛ ሐረር ላይ አንቱን አናውቅበትም። አንቺ ስንል ነው የምንወድሽ።

ደንገጎ_ሹፌር

😂 ይህ ድሬም እንደዚያው ነው። እማማ፣ እዚያ ሄደው አንቱ ያላቸው ሰው ካገኙ ያ ሰው ከሸዋ የመጣ ነው።

የሒሳብ_ሰው

ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚበላበት ስለሆነ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ዋጋ ሲነግሩ «ፕላስ ፕላስ» ይላሉ። ያ ማለት 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል፣ ቫቱ ደግሞ ሰርቪሱም ላይ ነው የሚታሰበው። ሲደመር 26.5 በመቶ ነው እንጂ 25 አይደለም። 2,000 ብር ያሉሽ አልጋ 2,530 ይሆናል፣ ሦስት ሌሊት ሲባዛ የእራት ሒሳብ ነው። «ጠቅላላ ከነቁርሱ ስንት?» በይ። እንግዳ ማረፊያ ቤቶቹ ግን ብዙውን ጊዜ የነገሩሽ ዋጋ ያው ነው፣ ቁርሱም አብሮ አለ።

ሌላው፣ ከሐምሌ 2016 በፊት የተጻፈ ዋጋ የትም ብታዪ እርሺው። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የድሮ ዋጋ ተረት ነው።

የቡልቡላዋ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ድሬ ቀረች (ከዚራ አትቀየመኝ፣ ስንመለስ ምሳ እንበላለን)። ስለ ውሃው ግን ፈራሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ነገር አሁንም አለ?

ጀጎላዊ

የሐረር ውሃ የቆየ ጉድ ነው። ድሮ የምንጠጣው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ካሉ ጉድጓዶች እየተገፋ ዳገት ወጥቶ ነው የሚመጣው፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም እኛ ጀሪካን እንደረድራለን። ስለዚህ «ውሃ አለ?» አይባልም። ሁሉም አለ ይላል፣ እውነቱንም ነው፣ በፈረቃው ቀን አለ። መጠየቅ ያለብሽ ሮቶ ነው። ስንት ሮቶ አላችሁ፣ ስንት ሊትር፣ ለስንት ክፍል? አንድ ትንሽ ሮቶ ለ30 ክፍል ያለው ሆቴልና አንድ ሮቶ ለአራት ክፍል ያለው የጀጎል ቤት ሲወዳደሩ ማን እንደሚታጠብ ራስሽ አስቢው።

ፈጅር_የማይቀሰቅሰው

ድምፅስ? ሰው ሁሉ ስለ ውሃ ያወራል፣ ስለ ጆሮ የሚያወራ የለም። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ ይባላል፣ ከተማዋ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አትሞላም። ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ አዛኑ ከአንዱ ይጀምርና ይቀባበላል። ለኔ ደስ ይላል። ፈረስ መጋላ ዳር ካደርሽ ደግሞ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ይጨመራል። ጠዋት መኪና ግርግር በኩል ስታልፊ የስፌት መኪናው ጫጫታ ነው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እንቅልፏ ለቀቅ ያለ ሰው ካለች የጆሮ ጥጥ ይዛችሁ ሂዱ።

ግን ውጪ ያለው ሆቴል ጸጥ ይላል ብለሽ እንዳትሸወጂ። ስሩ ባር ካለው እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ አልጋሽ ይደንሳል። አዛን አምስት ደቂቃ ነው። ስትይዢ «ሙዚቃ ቤት ስር ያልሆነ ክፍል» በይ።

ቀስቃሽ_07

ጅቡስ? ለልጅቷ ማን ነገራት?

ጀጎላዊ

ጅቡ እንግዳ አይነካም። ግንቡ ላይ ለሱ የተተወ ቀዳዳ ሁሉ አለ፣ ሌሊት ይገባል፣ የተጣለውን አጥንት ይጠርጋል፣ ሳይነጋ ይወጣል። ልጅቷን ማታ ወደሚመገቡበት ውሰዷት፣ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርጋ ትሰጣለች፣ አዲስ አበባ ተመልሳ ለክፍሏ ልጆች ትፎክራለች። ግን ጀጎል ስታድሩ ከመሸ በኋላ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ተመለሱ። ጅቡን ፈርቼ አይደለም፣ ትጠፋላችሁ። እኔም ጠፍቼ አውቃለሁ።

ደግሞ ቀኑን እዪው። ከረመዳን ጾም ፍቺ በኋላ ሳምንት ቆይቶ ሸዋልኢድ አለ፣ በ2016 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ እንግዳው በዝቷል። በዚያን ቀን አልጋ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው።

የቡልቡላዋ

አራት ቦታ ደወልኩ፣ ልንገራችሁ።

አንደኛው ሆቴል «ውሃ ሞልቷል» አለኝ። «ሮቶው ስንት ሊትር ነው?» ስለው ዝም አለ፣ ቆይቶ «ማን ልበል?» አለኝ። ሁለተኛው ሆቴል ደህና ነው፣ ልጁ ሳይንቀባረር ሁሉንም መለሰልኝ፣ ጄኔሬተር አላቸው፣ ምድር ቤት ክፍል አለ፣ ሻወሩ ወለሉ ላይ ደረጃ የለውም። ሦስተኛው የጀጎል ቤት ነው፣ ስልኩን ያነሳው ደላላ ነገር ነው መሰለኝ፣ ገና ስም ሳልነግረው «ቀብድ በቴሌብር ላኪ» አለ። ዘጋሁት። አራተኛዋ ሴትዮ ናት፣ የጀጎል ቤት። «ሽንት ቤቱ ከክፍሉ ስንት እርምጃ ነው?» ስላት ስልኩን አስቀመጠችና ሄደች። ተዘጋ ብዬ ነበር። ተመልሳ መጣችና «አሥራ አንድ ነው፣ መብራት አለው፣ አንድ ደረጃ ግን አለች፣ እናትሽ እንዳትደናቀፍ እኔ ድንጋይ አስቀምጥላታለሁ» አለችኝ። ቁጭ የሚባልበት ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሁለተኛው ሆቴል፣ ሁለቱን ሴትዮዋ ጋር ያዝኩ። ከበረራና ከደንገጎ በኋላ መጀመሪያ ቀን ሊፍትም ባይኖር ሙቅ ሻወር ይሻላል ብዬ ነው። ልክ ነኝ?

እማማ_ዝናሽ

ልክ ነሽ ልጄ። ቆጥራ የመጣችው ሴትዮ ጋር ሦስቱንም ብታድሪ እንኳ አይቆጭሽም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

የሴትዮዋን ስልክ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። አሁኑኑ።

የቡልቡላዋ

ተመለስን! እንደምጽፍ ቃል ገብቼ ስለነበር።

የመጀመሪያው ሌሊት እንደተነገረን ነበር። ንጹሕ፣ ሙቅ ውሃ፣ ቁርስ እንቁላልና ዳቦ። ስለሱ የምጽፈው ሌላ ነገር የለኝም፣ አዳማ ወይ ሐዋሳ ብንሆን ልዩነቱን አላውቅም ነበር። እማዬ መስኮቱ ላይ ቆማ ግንቡን ስታይ አመሸች።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ፈረስ መጋላ አወረደን። ሴትዮዋ የልጅ ልጇን ልካልን ነበር፣ የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ሻንጣ ሊሸከም! እማዬን አየና «አንቺ ነሽ ጉልበትሽን የሚያምሽ?» አላት። እኔ ደነገጥኩ። እማዬ ግን እዚያው መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። «አንቺ ያለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ» አለች።

ቤቱ እንደነገራችሁኝ ነው። ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው። ሴትዮዋ እማዬን እጇን ይዛ አሚር ነደባ ላይ አስቀመጠቻት፣ ደረጃዋ ላይ ያለችውም ድንጋይ በእርግጥ ተቀምጣለች። ጠዋት ፋጢራ በማር፣ ከቡና የሚፈላ ሆጃ። ውሃ ሁለተኛው ቀን ጠፋ፣ ሮቶው ግን አልከዳንም። ሌሊት እማዬ ስትነሳ አልሰማኋትም፣ ጠዋት ጠየቅኳት፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው አለች፣ የሷ እርምጃ አጭር ስለሆነ።

ስህተት የሠራሁት አንድ ነገር ላይ ነው። ሁለት ክፍል ልያዝ ይገባኝ ነበር። ለሦስት ሰው ጠበበን፣ ሙቀቱም አለ፣ ልጄ መደቡ ላይ ተንከባልላ ወደቀች (ዝቅተኛው ላይ ነበረች፣ ምንም አልሆነችም)። ፈጅርም እውነትህን ነው፣ የጆሮ ጥጥ ረስቼ ነበር፣ አዛኑ ሲቀባበል ሦስታችንም ነቅተን ጨለማ ውስጥ ስናወራ ነጋ። ልጄ ከጅቡ ይልቅ የወደደችው ግድር መጋላ ሥጋ ቤቶቹ ጋ የሚያንዣብቡትን ጭልፊቶች ነው፣ አንዱ ከእጇ ላይ ነጥቆ ሄደ።

የእማዬን ጓደኛ ቤት ፈለግን፣ ሴትዮዋ ራሷ ናት ከቤት ቤት ያዞረችን። ቤቱን አገኘነው፣ ሰዎቹ ግን ሌሎች ናቸው። ገብተን ቡና ጠጣን። እማዬ የቱ ጋ ስፌቱ ተሰቅሎ እንደነበር አሳየቻቸው፣ አሁን እዚያ ቴሌቪዥን ነው ያለው።

ከዚራ_ጥላ

ምሳውስ? ድሬ?

የቡልቡላዋ

በላን በላን። እማዬ ሞቃት አለች፣ ይቅርታ 😂

አዲስ_ገቢ

እኔም ወላጆቼን ልወስድ እያሰብኩ ነው፣ የሴትዮዋን ስልክ ማግኘት ይቻላል?

የቡልቡላዋ

በውስጥ መስመር ላክሁልህ። ጠዋት ደውል፣ ከሰዓት አያነሱም።